ስኳርና የልብ ሕመም በአንድ ዘር ይወረሳሉ? ከአራት ኪሎ ለጠየቀችው እህት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ 36 ዓመቷ ነው፣ አራት ኪሎ አካባቢ ቢሮ ትሠራለች፣ የአንድ ልጅ እናት ነች። አባቷ በ44 ዓመታቸው ስኳር ተገኘባቸው፣ በ52 ዓመታቸው ደግሞ ልባቸውን ድንገት አሟቸው ስቴንት (የጠበበውን የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገባላቸው። እናቷም ስኳር አለባቸው። 41 ዓመት የሆነው ታላቅ ወንድሟ ያጨሳል፤ «በዘር የመጣ ነገር ተጠነቀቅክ አልተጠነቀቅክ ያው ነው» ይላል። እሷ ግን ፈርታለች። «ሁለቱን በሽታዎች የሚያመጣቸው አንድ ጂን ነው ወይ? እኔ ቀጭን ነኝ፣ ያድነኛል? ምራቅ ውጭ አገር ተልኮ የሚሠራውን የዘር ምርመራ ላሠራ? ደግሞ አባቴ የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ስኳር ይጨምራል ሲሏቸው አቁመዋል፣ እውነት ነው?» ብላ የራሷን የላብራቶሪ ወረቀት ጨምራ ልካለች።

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እሱ ለነገ አይባልም። አባትሽ ስቴንት የገባላቸው ሰው ናቸው። ስቴንት ያለበት ሰው የኮሌስትሮል መድኃኒቱን፣ አቶርቫስታቲን ይሁን ሮሱቫስታቲን፣ በገዛ እጁ አያቆምም። ዛሬውኑ ለሐኪማቸው ደውላችሁ መድኃኒቱን ስለመመለስ ተነጋገሩ። የደም ማቅጠኛውንም አብረው አቁመው እንደሆነ በቀጥታ ጠይቂያቸው፤ አንዱን የተወ ሰው ሌላውንም አብሮ መተዉ የተለመደ ነው። ሳይቆጡ እንዲነግሩሽ ቀስ ብለሽ ጠይቂ። መድኃኒቱ ስኳር ይጨምራል የተባለው ነገር ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ፣ ከጠየቅሽው የዘር ጉዳይ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ ጂን ነው ወይ? አይደለም።

ወላጆችሽ ያለባቸው፣ ከጻፍሽው ስነሳ፣ ዓይነት ሁለት የሚባለው ስኳር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት የ2.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የዘር መረጃ አንድ ላይ አድርጎ ሲመረምር፣ ከዚህ ስኳር ጋር የሚያያዙ ከ600 በላይ ቦታዎችን በዘረመላችን ውስጥ አገኘ። የልብ ደም ሥር ጥበትም እንዲሁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦታዎች አሉት። እያንዳንዱ ለብቻው የሚያደርገው ጥቂት ነው። ከስኳር ጂኖች ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ቲሲኤፍ7ኤል2 የተባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አይስላንድ ውስጥ ነው የተደረሰበት። የዚህን ጂን አንዱን መጥፎ ቅጂ የወረሰ ሰው በስኳር የመያዝ ዕድሉ በ40 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፣ ከአባትም ከእናትም ሁለቱን የወረሰ እጥፍ ያህል ይሆናል። ትልቁ እንግዲህ ይህ ነው። ሌሎቹ ከዚህ በጣም ያንሳሉ። ስለዚህ «ጂኑ አለብኝ ወይስ የለብኝም» የሚለው ጥያቄ እዚህ አይሠራም፤ ሁላችንም የተወሰኑትን ይዘን ነው የተወለድነው፣ ልዩነቱ የመጠን ነው።

ታዲያ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ቤት አብረው የሚታዩት ለምንድነው? እዚህ ላይ ነገሩ በጣም ደስ የሚል ይሆናልና ትንሽ ልቆይበት።

አንዳንዶቹ ጂኖች በእርግጥ ሁለቱንም ይነካሉ። በአብዛኛው የሚሠሩት ሰውነታችን ስብን የት እንደሚያስቀምጥና ከደም ውስጥ እንዴት እንደሚያጸዳው በመወሰን ነው። አይአርኤስ1 በሚባለው ጂን አጠገብ ያለ አንድ ለውጥ አለ፤ በተለይ ወንዶች ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀመጠውን ስብ ይቀንሳል። ሲሰሙት መልካም ዜና ይመስላል። ግን እነዚህ ሰዎች ሲታዩ ቀጭን ሆነው ኢንሱሊን በደንብ አይሠራላቸውም፣ የደም ስባቸው የተበላሸ ነው፣ ስኳርም የልብ ሕመምም ይበዛባቸዋል። ከቆዳ ሥር ቦታ ያጣው ስብ ጉበትና ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባላ! «ቀጭን ነኝ፣ ያድነኛል?» ላልሽው ግማሽ መልሱ ይኸው ነው። ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ስቡ የት እንዳለ አይነግርሽም። ሜትር አምጪና ወገብሽን ለኪ፣ ከታችኛው ጎድንሽና ከዳሌ አጥንትሽ መካከል፣ ትንፋሽሽን ካወጣሽ በኋላ። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር፣ ለወንድ ከ94 በላይ ከሆነ ኪሎው አነስተኛ ቢሆንም ችላ አይባልም።

በዚሁ መንገድ ላይ ሌላም አለ። ከደም ውስጥ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን ስብ የሚያጸዳ ኤልፒኤል የሚሉት ኢንዛይም አለን፤ አንግፕትል4 የተባለው ጂን ደግሞ የዚህ ኢንዛይም ልጓም ነው። ልጓሙ ከተወለዱ ጀምሮ የላላላቸው ሰዎች አሉ። ትራይግሊሰራይዳቸው ዝቅ ያለ ነው፣ የልብ ሕመማቸው ያነሰ ነው፣ ስኳርም ይቀንስላቸዋል። አንድ የዘር ለውጥ ሁለቱንም በሽታ አብሮ ወደታች ሲያወርድ ሳይ፣ የስብ አያያዝ የሁለቱም የጋራ ሥር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳምነኝ ማስረጃ የለም።

አንድ ጂን የሚመስሉ ግን ያልሆኑም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተለያዩ የምርምር ቡድኖች ከክሮሞዞም 9 ላይ አንዲት ቦታ አገኙ፤ 9ፒ21 ይሏታል። እዚያ ያለውን ለውጥ አንድ ቅጂ የያዘ ሰው የልብ ደም ሥር ሕመም ዕድሉ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይጨምራል። ወዲያው እዚያው አካባቢ የስኳርም ምልክት ተገኘና «ይኸው አንድ ጂን!» ተባለ። ሲጣራ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ቤቶች ሆነው ተገኙ፤ ጎረቤት ናቸው፣ ኑሯቸው ለየብቻ ነው። የልቡ ለውጥ ስኳርንም፣ ኮሌስትሮልንም፣ ግፊትንም ሳይነካ ራሱን ችሎ የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚሠራ ነው። ይህ የልብ ምልክት ደግሞ በአውሮፓውያንና በእስያውያን ላይ እንደሚታየው በአፍሪካ ዘር ሰዎች ላይ ጎልቶ አይወጣም። ይህን ነጥብ ያዢልኝ፣ የምራቁ ምርመራ ላይ ስደርስ እፈልገዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ሥራ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ላይ ሁለቱን በሽታዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ። ሁለቱንም የሚነኩ ስምንት የዘር ለውጦች ጎልተው ወጡ። ሰባቱ ሁለቱንም በሽታ አብረው ከፍ የሚያደርጉ ናቸው። ስምንተኛው፣ ኮሌስትሮል በሚያጓጉዘው አፖኢ ጂን ላይ ያለው፣ ስኳርን ከፍ አድርጎ የልብ ሕመምን ዝቅ የሚያደርግ ሆነ። ከዚህ ሁሉ ለእኔ ዋናው ሌላ ነው፤ ለስኳር የሚያጋልጡ ጂኖች በጥቅሉ ለልብ ሕመምም ያጋልጣሉ፣ ለልብ ሕመም የሚያጋልጡት ግን ለስኳር ያን ያህል አያጋልጡም። ጂናችንን የምንይዘው ከመወለዳችን በፊት ስለሆነ፣ ከምንበላውም ከኑሯችንም ቀድሞ ስለተወሰነ፣ የቱ የቱን እንደሚያመጣ ለመለየት ይጠቅማል። አቅጣጫው ከስኳር ወደ ልብ ነው። ስኳር ራሱ የልብ ደም ሥርን ይጎዳል ማለት ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው በልብ ደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከሌለበት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። አባትሽ ላይ የሆነውም ይኼ ይመስላል፣ በ44 ስኳሩ፣ በ52 ልባቸው። ከዚያ ቀደም ብሎም ስኳሩ ሳይታወቅ ዓመታት ቆይቶ ሊሆን ይችላል፣ የተለመደ ነው።

ይህ ለአንቺ ምን ማለት ነው? ስኳሩ እንዳይመጣ የምታደርጊው ነገር ልብሽንም ይጠብቃል። ሁለት ሥራ አይደለም፣ አንድ ነው።

ወደ አባትሽ መድኃኒት ልመለስ። ስታቲን፣ ማለትም እነ አቶርቫስታቲን ያሉበት የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ስኳር ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ እውነት ነው። 91,000 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 13 ጥናቶች አንድ ላይ ያየ እ.ኤ.አ. የ2010 ሥራ፣ ስታቲን የሚወስዱት ላይ አዲስ ስኳር በ9 በመቶ በዝቶ አገኘ። በሰው ቁጥር ሲታሰብ 255 ሰው ለአራት ዓመት ቢወስድ አንድ ተጨማሪ ሰው ስኳር ይይዘዋል። በዚያው ጊዜ ከልብ ሕመምና ከሞት የሚያተርፋቸው ሰዎች ከዚያ በብዙ ይበልጣሉ። ምክንያቱ ደግሞ በዘር ተረጋግጧል፤ ስታቲን የሚያዳክመው ኢንዛይም በተፈጥሮው ደከም ብሎ የተወለደላቸው ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ዝቅ፣ ስኳራቸው በጥቂቱ ከፍ ያለ ነው። በተቃራኒው፣ በዘር ኮሌስትሮላቸው እጅግ ከፍ የሚልባቸው ቤተሰቦች አሉ። ኔዘርላንድ ውስጥ ከ63,000 በላይ ሰዎች ሲታዩ እነዚህ ሰዎች ላይ ስኳር 1.75 በመቶ፣ ለውጡ በሌለባቸው ዘመዶቻቸው ላይ 2.93 በመቶ ነበር። ስኳራቸው አነስተኛ ነው፣ ግን በልብ ሕመም በለጋ ዕድሜ የሚቀጩት እነሱ ናቸው! ስለዚህ አባትሽ ስኳሩን ፈርተው ኮሌስትሮሉን ከለቀቁት የተሻለ ነገር አልመረጡም። ስኳሩ እኮ አስቀድሞ አለባቸው፤ ከፍ ካለም የስኳሩ መድኃኒት ይስተካከላል። ተመልሶ የሚዘጋ የልብ ደም ሥር ግን ሁልጊዜ ሆስፒታል የሚያደርስ ጊዜ አይሰጥም።

አንድ ልጨምር፣ አባትሽን ለማሳመንም ይረዳሻል። ፒሲኤስኬ9 የሚባል ጂን አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት ጥቁር አሜሪካውያንን ለ15 ዓመት ተከታትሎ፣ ከመካከላቸው 2.6 በመቶ የሚሆኑት ይህ ጂን የማይሠራበት ቅጂ እንዳላቸው አየ። ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎ ኮሌስትሮላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር። የልብ ደም ሥር ሕመማቸው ግን ያነሰው በ88 በመቶ ነው። ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ በብዛት ባለበት ሕዝብ መካከል ነው ይህ የታየው። ኮሌስትሮል ከልጅነት ጀምሮ ዝቅ ብሎ ሲቆይ የስኳሩን ጉዳት ሳይቀር ያለዝበዋል። ከዚህ ግኝት ተነስተው የተሠሩት መርፌዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ፈቃድ አግኝተዋል፣ ዋጋቸው ግን ለእኛ ቤት የሚሆን አይደለም። ርካሹ ስታቲን እዚሁ ፋርማሲ አለ፣ ለአባትሽ እሱ ይበቃል።

ወንድምሽ ያለውን ነገር አልቀበልም። «ያው ነው» የሚለው ስህተት ነው፣ ስህተትነቱም ተፈትኖ የታየ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ ግን ገና በሽታ ያልደረሰ 3,234 ሰዎች ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ተያዘ፣ ሌላው ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ወሰደ፣ ሦስተኛው ባዶ ክኒን። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ ሲወጣ፣ አኗኗራቸውን ያስተካከሉት ላይ ስኳር በ58 በመቶ ቀነሰ፣ ሜትፎርሚኑ ደግሞ በ31 በመቶ ቀነሰው። ቀጥለው የእነዚሁኑ ሰዎች ጂን መረመሩ። ቀደም ብዬ ያነሳሁትን የቲሲኤፍ7ኤል2 መጥፎ ቅጂ ከሁለቱም ወላጅ የወረሱት፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት መካከል ከሆኑ መጥፎውን ቅጂ ጭራሽ ካልወረሱት በ80 በመቶ ገደማ በልጠው በስኳር ተያዙ። ሲራመዱና ሲቀንሱ ከነበሩት መካከል ግን ያ ልዩነት አብዛኛው ጠፋ። እስቲ ለወንድምሽ ይህንን አንብቢለት። በዘር ክፉኛ የተጋለጠውም ሰው ተጠቅሟል።

በልብም በኩል እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ከ55,000 በላይ ሰዎችን ያየ ጥናት፣ በዘራቸው ለልብ ሕመም እጅግ የተጋለጡ ሰዎች ከአራት ነገሮች (አለማጨስ፣ ከመጠን በላይ አለመወፈር፣ መንቀሳቀስ፣ ደህና መብላት) ሦስቱን ከያዙ አደጋው ወደ ግማሽ እንደሚወርድ አሳየ። አለማጨስ የመጀመሪያው ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ሲጋራ ስኳርንም ያመጣል፤ የሚያጨስ ሰው ከማያጨስ ይልቅ ከ30 እስከ 40 በመቶ ለዓይነት ሁለት ስኳር የተጋለጠ ነው። ወንድምሽ በ41 ዓመቱ፣ አባቱ በ52 ልባቸውን ታመው፣ ሲጋራ እየሳበ «ያው ነው» ሲል እኔ በጣም ነው የምሰጋለት።

ከራሳችን ሰዎች ምሳሌ ከፈለግሽ ደግሞ አለ። በ1984 እና በ1985 (እ.ኤ.አ.) በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የገቡትን ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችንን አስቢ። ሲገቡ ስኳር በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ሲመረመሩ ገና 30 ያልሞላቸው ወጣቶች ላይ ሳይቀር ስኳር በዝቶ ተገኘ። በዚያች አጭር ጊዜ ጂን አይለወጥም። የተለወጠው ምግቡ፣ እንቅስቃሴውና ኑሮው ነው። ሌላም ነገር ታየ፤ ከሌላው የአገሩ ነዋሪ ይልቅ በለጋ ዕድሜ፣ ያን ያህል ሳይወፍሩ ይይዛቸዋል። እንግዲህ የእኛ ሰውነት ለተለወጠ ኑሮ ትንሽ ስስ ሊሆን ይችላል። ከገጠር አዲስ አበባ ገብቶ ቀኑን ወንበር ላይ የሚውለውን ትውልድ ሳይ ይህ ጉዳይ ይከነክነኛል፣ እውነቴን ነው።

የምራቅ ምርመራውን ተዪው። ገንዘብሽን አታውጪ። የስኳርና የልብ የዘር ነጥብ የሚሰላባቸው ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት በአውሮፓ ዘር ሰዎች ላይ ነው፣ ከአፍሪካ የገባው ሰው ጥቂት ነው። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ የዘር ልዩነቱ ከየትኛውም አህጉር የሰፋ ነው። 9ፒ21ን ያዢልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ እነሱ ላይ ብዙ የሚናገር ምልክት እኛ ላይ ዝም ሊል ይችላል። «ዝቅተኛ አደጋ» የሚል ወረቀት መጥቶልሽ ብትዘናጊ የበለጠ ጉዳት ነው። የዘር ምርመራ የሚጠቅምበት ጊዜ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ገና በሃያዎቹ ሳይወፍር ስኳር የያዘው፣ ወላጁም አያቱም እንዲሁ የሆኑበት ሰው ካለ፣ በአንድ ጂን የሚመጣ ሞዲ የሚባል ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ምርመራው መድኃኒቱን ሳይቀር ይቀይራል። ኤልዲኤሉ ከ190 በላይ የሆነ ሰው እንዲሁ። የእናንተ ቤት ታሪክ ሁለቱንም አይመስልም።

የቤተሰብሽ ታሪክ ራሱ ጥሩ የዘር ምርመራ ነው፣ ያውም ነፃ። ፍራሚንግሃም በምትባል የአሜሪካ ከተማ ወላጆችንና ልጆችን የተከታተለው ጥናት፣ አንድ ወላጁ ስኳር ያለበት ልጅ ከሌላው ሦስት እጥፍ ተኩል፣ ሁለቱም ያለባቸው ደግሞ ስድስት እጥፍ ገደማ ለስኳር እንደሚጋለጥ አሳይቷል። እዚህ ውስጥ ጂን ብቻ አይደለም ያለው፣ አንድ ማዕድ መቁረስም አለበት። አባት ከ55፣ እናት ከ65 ዓመት በፊት የልብ ደም ሥር ሕመም ከያዛቸው ደግሞ ለልጆቻቸው ራሱን የቻለ አደጋ ሆኖ ይቆጠራል። አባትሽ በ52 ናቸው። ሁለቱም አለብሽ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከእኩዮችሽ ቀድመሽ መመርመርሽ ትክክል ነው።

አሁን የላክሽልኝን ወረቀት እንየው። «ሁሉም ደህና ነው» ተባልኩ ብለሻል። ኮከብ የተደረገበት ትራይግሊሰራይዱ ብቻ ነው፣ 196። ሌላው መስመር ላይ ምልክት ስለሌለ ዓይንሽ አልፎታል። እኔ ግን መስመሮቹን አንድ ላይ ነው የማነባቸው። በባዶ ሆድ ስኳርሽ 108 ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ገና ስኳር በሽታ አይደለም፣ ደህናም አይባልም። ጥሩው ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል፣ 38 ነው፤ ለሴት ከ50 በላይ እንዲሆን እንፈልጋለን፣ ወረቀትሽ ላይ የተጻፈው ገደብ ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ኤልዲኤልሽ 138፣ ግፊትሽ 128 በ84። እያንዳንዱ ለብቻው «ትንሽ ነው» ያሰኛል። ትራይግሊሰራይድ ከፍ፣ ኤችዲኤል ዝቅ፣ ስኳር ጠጋ ማለት ግን ስለስብ አያያዝ የነገርኩሽ የጋራ ሥር ወረቀት ላይ ሲወጣ የሚይዘው መልክ ነው። አሁን ማየትሽ ዕድል ነው፤ አባትሽ በ36 ዓመታቸው ይህን ወረቀት አላገኙም።

ስለዚህ በባዶ ሆድ ስኳሩን ድገሚው፣ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ኤዋንሲን፣ ጨምሪበት። ከ5.7 እስከ 6.4 ከሆነ ወደ ስኳር እየተጠጋሽ ነው፣ 6.5ና ከዚያ በላይ ስኳር ነው፣ ያኔም ተደግሞ ይረጋገጣል። ደም ማነስ ካለብሽ ግን አስቀድመሽ ተናገሪ፤ የብረት እጥረት ኤዋንሲን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፣ በአንቺ ዕድሜ ደግሞ እሱ የተለመደ ነው። በእርግዝናሽ ጊዜ ስኳር ተገኝቶብሽ ነበር? ልጅሽ ሲወለድ 4 ኪሎና ከዚያ በላይ ነበር? እነዚህን አልጻፍሽልኝም፣ ለሚያይሽ ሐኪም ግን ንገሪ፣ ብዙ ይናገራሉ። ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባል ምርመራ የሚሠራ ላብራቶሪ ካገኘሽ በዕድሜሽ አንድ ጊዜ አሠሪ። ከሞላ ጎደል በዘር ብቻ የሚወሰን የስብ ዓይነት ነው፣ በአፍሪካ ዘር ሰዎች ላይ በአማካይ ከፍ ይላል፣ አባትሽ በ52 ለምን እንደታመሙም ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል። የዘር ምርመራ ካማረሽ እሱ ይሻልሻል። መድኃኒት አሁን እንደዋዛ አትጀምሪ፤ በተለይ ሌላ ልጅ ካሰብሽ ስታቲንን ከሐኪም ጋር ሳትመክሪ አትንኪው።

መንቀሳቀሱን በተመለከተ ጂም ግቢ አልልሽም። ከቢሮሽ ወጥተሽ ታክሲውን ተዪና ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ውረጂ፣ ከዚያ ወደ ፒያሳ ያለውን ዳገት ውጪ። አሁን የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ እንደ ድሮው ከመኪና ጋር መጋፋት የለም። ዳገቱ ላይ እያወራሽ መሄድ ትችያለሽ፣ መዝፈን ግን ያቅትሻል፤ ልክ የምፈልገው ፍጥነት እሱ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ካደረግሽው 150 ደቂቃው ሞላ። ፒያሳ ደርሰሽ ግን ኬክ ቤት ገብተሽ ማኪያቶ በሁለት ማንኪያ ስኳር ከቦምቦሊኖ ጋር ካዘዝሽ ብዙውን መለስሽው። ማኪያቶውን ያለ ስኳር ጠጪ፣ በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ።

ምግብ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ «ጤፍ ስኳር አይጨምርም» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ ግን ስታርች ነው፣ መጠኑ ይቆጠራል። እንጀራው ይቀንስ፣ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ሽሮው ይብዛ። ሁለተኛ፣ ዘይቱ። ብርድ ሲሆን ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው የስብ ዓይነት ነው። በጾም ቅቤውን ትተን በእሱ የምናርሰው ወጥ ለልብ ያን ያህል ዕረፍት አይሰጥም። የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ከቻልሽ እሱን ተጠቀሚ፣ ካልቻልሽም መጠኑን ቀንሺ።

እናትሽን አትርሺ። በቤታችሁ ሁሉም ሰው አባትሽን ነው የሚያየው፣ ልባቸውን ያመማቸው እሳቸው ስለሆኑ። ግን ስኳር ሴት ልጅን ከወንድ ይልቅ በልብ በኩል ይጎዳታል፤ በተፈጥሮ ሴቶች ከወንዶች ዘግይተው ነው በልብ የሚያዙት፣ ስኳር ያንን ዕድል ይነጥቃቸዋል። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 ከሆነና ስኳር ካለባቸው ስታቲን እንዲሰጣቸው የሚመከር ነው፤ ይውሰዱ አይውሰዱ አልነገርሽኝም፣ ጠይቂ። ስኳር የቆየበት ሰው ልቡን ሲያመው ደረቱን ላያመው ይችላል፣ ነርቩ ስለሚደነዝዝ። ድንገት ላብ በላብ መሆን፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መንጋጋ ወይም ትከሻ ላይ መክበድ፣ ወይም እምብርት በላይ የሚይዝ ሕመም ሆኖ ይመጣል። እናትሽ «ጨጓራዬ ነው፣ ትንሽ ልተኛበት» ካሉሽና ላብ ካለበት፣ ተልባ እየበጠበጣችሁ አትጠብቁ። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸውና የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ እንዲነሱ ጠይቂ።

ለወንድምሽ ደግሞ ይህን ሁሉ ማስረዳት ካቃተሽ አብሮሽ ላብራቶሪ እንዲሄድ ብቻ አድርጊው። በባዶ ሆድ ስኳር፣ ኮሌስትሮል ከነዝርዝሩ፣ ግፊት። የራሱን ቁጥር ወረቀት ላይ ሲያይ ስለ ሲጋራው ለመነጋገር ይቀላል። ልጅሽ አሁን ምንም ምርመራ አያስፈልገውም፣ ለስላሳ መጠጡን ብቻ ከቤት አውጡለት። አንቺ ከሦስት ወር በኋላ ስኳርሽንና ትራይግሊሰራይድሽን እንደገና ተለኪና ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዘሽ ሐኪምሽ ጋ ግቢ።